ገና መርፌው ሳይሰካ ያስመልሰኛል፣ ሌሊቱም አይነጋልኝም

ሌሊቱ ረዘመ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ነው ያለብኝ፣ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል የሚባለው ዓይነት። አር-ቾፕ የሚባለውን የብዙ መድኃኒቶች ጥምር ኬሞ በየ21 ቀኑ እየወሰድኩ ነው፣ ግማሹን አልፌያለሁ። ሐኪሜ እጢው እየቀነሰ ነው ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭንቀቱ ባሰብኝ። ኬሞ በወሰድኩ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ልቤ ድው ድው ይላል፣ በውድቅት ሌሊት ተነስቼ ቁም ሳጥን ሳስተካክል አድራለሁ፣ ሰው ቀና ብሎ ካየኝ እቆጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ሆድ ይብሰኛል፣ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።

ሌላው የማፍርበት ነገር፣ የኬሞው ቀን ሲደርስ ገና የአልኮሉ ጥጥ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። ባለቤቴ «ሐሳብሽ ነው» ይለኛል። ጣቶቼም ይደነዝዛሉ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እያቃተኝ ነው። ለሐኪሜ ልንገረው ወይስ ያለ ነገር ነው? ካወራሁ መድኃኒቱን ይቀንሱብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ጨርሻለሁ፦
አይዞሽ እህቴ። የቁም ሳጥኑን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ፣ እኔ ወጥ ቤት ነበር የማጸዳው። እሱ ያንቺ ጠባይ አይደለም፣ ፕሬድኒሶሎኑ ነው፣ ከኬሞው ጋር የምትውጪው የስቴሮይድ ክኒን። አር-ቾፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን ይሰጣል፣ ይሄ ቀላል መጠን አይደለም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል፣ አንዳንዱን ሰው እንደ ሞተር ያስነሳዋል። ከዚያ በአንዴ ሲቆም ደግሞ ዱብ ያደርግሻል። ያ የሚያስለቅስሽ ቀን ክኒኑ ካለቀ በኋላ እንደሆነ እስቲ ቀን ቆጥረሽ እዪው።

እኔ ከሰዓት ነበር የምውጠው። ሐኪሜ ጠዋት ከቁርስ ጋር አድርገው አለኝና ሌሊቱ በጣም ተሻለ። ሙሉ በሙሉ ተኛሁ አልልሽም፣ ግን ቢያንስ አልጋ ላይ መቆየት ቻልኩ። ብቻ በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ፕሬድኒሶሎን ራሱ ሊምፎማውን ከሚመቱት አንዱ ነው።

ተስፈኛው፦
ዋናው አለመጨነቅ ነው። ጭንቀት በሽታውን ይቀልበዋል። ሁሌ ፈገግ በይ፣ ጥሩ ጥሩውን አስቢ። እኔ የማውቀው የባህል መድኃኒትም አለ፣ ከኬሞው ጋር ጎን ለጎን ይወሰዳል።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ፣ ለደግ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን «አትጨነቂ» የተባለ በሽተኛ በመጨነቁም ጭምር መጨነቅ ይጀምራል። እጢውን የሚያጠፋው መድኃኒቱ ነው እንጂ የሷ ፈገግታ አይደለም። ስትፈልግ ታልቅስ። ባህላዊውንም ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትነካው፤ የኬሞውን ሥራ የሚያበላሹ፣ ጉበት የሚጎዱም አሉ።

እህቴ፣ ማስመለሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሰውነትሽ ያንን ሽታ ከማቅለሽለሽ ጋር አያይዞ ይዞታል፣ ስለዚህ ሽታው ብቻውን ይበቃዋል። ብዙ ሰው ላይ እናየዋለን። ችግሩ የተለመደው ማስመለስን የሚከላከል ክኒን ለዚህኛው እምብዛም አይረዳም። ከዋዜማው ጀምሮ የሚወሰድ የጭንቀት መድኃኒት አለ፣ ሎራዜፓም ዓይነቱ፣ ለሐኪሙ ንገሪውና እሱ ይወስን። መርፌ ለምትሰካልሽ ነርስም ንገሪያት። ጥጡን ከፊትሽ አርቃ ትከፍተዋለች፣ አንቺም ፊትሽን አዙረሽ ትንፋሽሽን በቀስታ እያስረዘምሽ አውጪ።

የጣትሽ መደንዘዝ ግን ለቀጣዩ ቀጠሮ የሚቆይ አይደለም፣ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪ። ከአር-ቾፕ መድኃኒቶች አንዱ ከሆነው ከቪንክሪስቲን ነው የሚመጣው። ቁልፍ መቆለፍ ካቃተሽ ሐኪሙ የሱን መጠን ሊቀንስ ወይም ሊያቆመው ይችላል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ይሄ ማለት ህክምናሽ ተቋረጠ ማለት አይደለም። ዝም ካልሽ ግን ነርቩ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። የሆድ ድርቀት ካለም አብረሽ ንገሪ፣ እሱም የቪንክሪስቲን ሥራ ነው፣ የማቅለሽለሽ መከላከያው ኦንዳንሴትሮን ሲጨመርበት ይብሳል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ከኬሞው በኋላ ባብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፣ ሰውነት ኢንፌክሽን መቋቋም ያቅተዋል። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፣ ይነጋልኛል ብሎ መጠበቅ የለም። ፓራሲታሞል ውጠሽ ትኩሳቱን እንዳትደብቂው።

አስታማሚ፦
እኔ ታማሚ አይደለሁም፣ ባለቤቴን አስታምሜያለሁ። ባልሽ «ሐሳብሽ ነው» ያለው ፈርቶ ይመስለኛል። እኔም ምን እንደምላት ሲጠፋኝ እንደዚያ ዓይነት ነገር ነበር የምናገረው። የሚሠራው ሥራ ስጪው፦ የሙቀቱን ቁጥር ይመዝግብ፣ ክኒኑን ይቁጠር፣ ሐኪም ጋ አብሮሽ ገብቶ አንቺ የረሳሽውን ይጠይቅ። እኛ ቤት ጭቅጭቁ የቀነሰው ደብተሩን እኔ ስይዝ ነው።

ሌሊቱ ረዘመ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑን ቆጠርኩት፣ እውነትም የሚያስለቅሰኝ ክኒኑ ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ጣቶቼ ደወልኩ፣ ነገ ነይ ብለውኛል። ባለቤቴ ይሄን ሁሉ አነበበውና ዝም አለ፣ ከዚያ ቴርሞሜትር ሊገዛ ወጣ። ነርሷ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርሽ፦ ቀዩን መድኃኒት በወሰድኩ ማግስት ሽንቴ ቀይ ይሆናል፣ ደም ነው እንዴ?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
የዶክሶሩቢሲን፣ የዚያው የቀዩ መድኃኒት ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ወይም ስትሸኚ ካቃጠለሽ ግን ንገሪያቸው፣ ሌላው የአር-ቾፕ መድኃኒት ሳይክሎፎስፋማይድ የሽንት ፊኛን ሊያስቆጣ ስለሚችል። ውኃ ጠጪ።