በቤት መኪናዬ ጠጥቼ ተያዝኩ፤ ሲዲኤሌ (የትራክ መንጃ ፈቃዴ) ምን ይሆናል?

ጠያቂ (ትራክ ነጂ፣ ካሊፎርኒያ)፦
ሰላም ወገኖቼ። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሰርግ ስመለስ በቤት መኪናዬ ፖሊስ አስቆመኝ። አስነፋኝ፣ የአልኮል መጠኔ 0.09 ወጣ። ሲዲኤሌን ወስዶ ሮዝ ወረቀት ሰጠኝ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ባለፈው ዓመት ደግሞ በትራኩ ከተፈቀደው ፍጥነት 17 ማይል አልፈሃል ተብዬ ቲኬት ከፍያለሁ። ትራክ ላይ ሳልሆን የሠራሁት ጥፋት ሥራዬን ይነካብኛል? ለካምፓኒው ልንገር? አንድ ጓደኛዬ «ጠጥተው የነዱ የሚወስዱትን ትምህርት ውሰድ፣ ከሪኮርድህ ይጠፋል» አለኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንድ ዓመት የቆመ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያበርታህ። መጀመሪያ ያን ሮዝ ወረቀት አውጥተህ አንብበው። ለ30 ቀን ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድህ እሱ ነው። ከተያዝክበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ዲኤምቪን (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱን) ሂሪንግ፣ ማለትም ጉዳይህ እንዲሰማ፣ ካልጠየቅክ መብትህ ያልፋል። ዲኤምቪ ሌላ፣ ፍርድ ቤት ሌላ ነው። እኔ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬን ብቻ ስጠብቅ 10ሩ ቀን አለቀብኝ።

ጥያቄህን ልመልስ፤ አዎ፣ ይነካሃል። ጥፋተኛ ከተባልክ ሲዲኤልህ ለ1 ዓመት ይታገዳል። በትራክም ሆነ በቤት መኪና ያው ነው። በትራክ ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ) ጭነህ ቢሆን ኖሮ 3 ዓመት ነበር። በሕይወትህ ሁለተኛ ከተደገመ ዕድሜ ልክ ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ብቻ ከ10 ዓመት በኋላ ሊመልሱ ይችላሉ። «አልነፋም» ማለትም አያድንም፣ እሱም 1 ዓመት ያስቀጣል። ለሥራ መመላለሻ የሚሰጠው የተገደበ ፈቃድ ደግሞ ለቤት መኪና እንጂ ለትራክ አይሆንም።

እኔ ከትራኩ መኝታ ብርድ ልብሴን፣ ቦት ጫማዬንና የልጄን ፎቶ በፌስታል ይዤ የወረድኩባት ቀን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። ዓመቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያነሳሁ ገፋሁት። ግን አለፈ፣ ዛሬ እነዳለሁ።

በትራክ ካምፓኒ ሴፍቲ (ደህንነት) ክፍል የምሠራ፦
ወንድም ዓለም፣ የጓደኛህን ምክር እንዳትሰማ። ትምህርቱን ዳኛ ሊያዝብህ ይችላል፣ ጥፋቱን ከሪኮርድህ ግን አያጠፋም። የፌዴራሉ ሕግ ስቴቶች የሲዲኤል ባለቤትን ጥፋት እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። ለቤት መኪና ብቻ ፈቃድ ያለው ሰው የሚያገኘውን ዕድል አንተ አታገኝም። ስለዚህ ዲዩአይ (ጠጥቶ መንዳት) የሚያውቅ ጠበቃ ብቻ አይበቃህም፣ የሲዲኤል ሕግ የሚያውቅ ፈልግ። ከእሱ ጋር ሳትነጋገር ጥፋተኛ ነኝ እንዳትል።

ለካምፓኒው መንገሩን በተመለከተ፦ ከፓርኪንግ በቀር በማንኛውም የትራፊክ ጥፋት ከተፈረደብህ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታህ ነው። ፈቃድህ ከታገደ ደግሞ ባወቅክ ማግስት፣ የሥራ ቀኑ ሳያልቅ ትናገራለህ። የኛን ጨምሮ ብዙ ካምፓኒዎች መያዝህን ራሱ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ስትቀጠር የፈረምከውን ወረቀት እየው። ደብቀው የተገኙ ሹፌሮች ሲባረሩ አይቻለሁ። ቀድመው የነገሩን ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሰው የመጡ አሉ።

ክሊሪንግሃውስ የሚባለው የሹፌሮች የመጠጥና የዕፅ መዝገብም ያስፈራሃል መሰለኝ። እዚያ የሚገባው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሥራ ምርመራ መውደቅ፣ ምርመራ እምቢ ማለት፣ ትራክ እየነዱ መያዝ። በቤት መኪናህ የሆነው እዚያ አይገባም።

ኦነር ኦፕሬተር (በራሱ ትራክ የሚሠራ)፦
የቲኬቷን ነገር ማንም አልነካልህም። ከተፈቀደው 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ለሲዲኤል ከባድ ጥፋት ነው። ስልክ በእጅ መያዝ፣ ቴክስት ማድረግ፣ ከፊት ያለውን ተጠግቶ መንዳት፣ ሌይን አለአግባብ መቀየርም እዚያው ውስጥ ናቸው። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆኑ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆኑ 120 ቀን ትቆማለህ። አንተ አንዷን ከፍለሃል፤ መክፈል ደግሞ ማመን ነው። ዲዩአዩ ከእሷ ጋር አይደመርም፣ ለብቻው ይቆጠራል። ግን ወደፊት ቲኬት ሲመጣ ዝም ብለህ ቼክ አትላክ፣ ተከራከር።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። 10 ቀን የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ሂሪንጉ እስኪደርስ በዚህ ወረቀት ትራክ ብነዳ፣ ማታ አንድ ቢራ ጠጥቼ ጠዋት መነሳት ይቻላል?

አንድ ዓመት የቆመ ሹፌር፦
ተው ወንድሜ። ትራክ ላይ ልኩ እንደ ቤት መኪና 0.08 አይደለም፣ 0.04 ነው። ከዚያ በታች ሽታው እንኳ ቢገኝብህ 24 ሰዓት ያቆሙሃል። ከመንዳትህ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት መጠጣት ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ግን 4 ሰዓት አለፈ ማለት ከደምህ ወጣ ማለት አይደለም። ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ጠብታ አትቅመስ። ካምፓኒህ በዚያ ወረቀት እንድትነዳ መፍቀዱንም መጀመሪያ አረጋግጥ።

ነገ ጠዋት ዲኤምቪ ስትደውል የደወልክበትን ሰዓትና ያነጋገረህን ሰው ስም ጻፍ። ሂሪንጉን የጠየቅክበትን ማረጋገጫም ያዝ። ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።