ቬኒስ ወይስ ፕራግ? የሄዳችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን አሥር ዓመት ሊሞላን ነው። በኅዳር ለሁለት ሌሊት ብቻችንን አንድ ጥንታዊ ከተማ ሄደን ልናሳልፍ አስበናል። ልጆቹን እህቴ ትይዝልናለች፣ ከዚያ በላይ ግን ላስቸግራት አልፈልግም።

ልቤ ያለው ቬኒስ ላይ ነው። መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ማታ ማታ የውሃ ድምፅና የሰው ኮቴ ብቻ። ይህን ከባለቤቴ ጋር ማየት ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ነው።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። አምና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን ያማታል። ቬኒስ ደግሞ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፣ አብዛኞቹም ባለ ደረጃ ናቸው። ከተማዋን በሚያቋርጠው ታላቁ ቦይ የሚመላለሰው 1 ቁጥር የሕዝብ ጀልባ ብዙ ድካም እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ግን በጀልባ ብቻ ከተማው ይታያል? ኅዳር ላይ ባሕሩ ሲሞላ የሳን ማርኮ አደባባይ በውሃ መጥለቅለቁም ያሳስበኛል።

ፕራግ ቀለል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1357 መሠረቱ የተጣለው የቻርልስ ድልድይ ደረጃ የለውም። ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት 22 ቁጥር ትራም ይወስዳል። የድንጋይ ንጣፉ ግን ለጉልበት እንዴት ነው?

እሷን ብጠይቃት «አንተ ደስ ያለህ ቦታ» ነው መልሷ። ቢያማትም ትደብቀኛለች፤ ለዚህ ነው እናንተን የምጠይቀው። ደረጃ ከሚከብደው ሰው ጋር ቬኒስ የሄደ አለ? ድልድይ ሳንሻገር ከጀልባው ማረፊያ የምንደርስበት ሰፈር የትኛው ነው?