ከጦርነቱ በኋላ በሞንትሪያል የአይሁድ ሰፈር ያደጉትን ልጆች ያን ያህል ያቀራረባቸው ምን ነበር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካናዳ ስለገቡ አይሁዳውያን እያነበብኩ ነው። በሞንትሪያል በሴንት ሎረን ጎዳና አካባቢ ያደጉ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚተዋወቅና የጎረቤት እናት እንደ ወላጅ ትቆጣቸው እንደነበር ይናገራሉ። ያስተሳሰራቸው ሃይማኖት ብቻ ነውን? የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ ሰጪ 1፦ ሃይማኖት ብቻ አይመስለኝም፤ ከሰፈሩ ነዋሪዎች መካከል ከምኩራብ ይልቅ የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ የሚቀርባቸው ሶሻሊስቶች ጥቂት አልነበሩም። በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር የዘመድ እጦት ነው። ከናዚዎች ጭፍጨፋ የተረፉት ወላጆች አብዛኛውን ቤተሰባቸውን በፖላንድ፣ በሊትዌንያና በሌሎችም አገሮች አጥተው ስለመጡ፣ ልጆቻቸው አያትም ሆነ አክስትና አጎት ሳያውቁ አደጉ፤ የእነዚያን ቦታ የያዙት ጎረቤትና የወላጆቻቸው የአገር ሰው ነበሩ። ከአንድ ከተማ የመጡ ሰዎች ላንድስማንሻፍት የሚባል ማኅበር ነበራቸው፤ እንደ እኛ እድር ሆኖ የመቃብር ቦታ ይገዛል፣ የታመመ አባሉን ይረዳል፣ ለተቸገረም ያበድራል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሕፃንን በሞተ ዘመድ ስም የመሰየም ልማድ ስላላቸው፣ ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከመንገድ ለራት በጠሩ ቁጥር የተገደለባቸውን ወላጅ ወይም ወንድም ስም ይጠሩ ነበር። ልጆቹ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር።

መልስ ሰጪ 2፦ በዚህ ላይ የውጭውን ተጽዕኖ መርሳት አይገባም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1945 ድረስ ያስገባቻቸው አይሁዳውያን ስደተኞች ከ5,000 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ በሩ ገርበብ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ወላጅ አልባ ለሆኑ 1,123 ልጆችና ለልብስ ፋብሪካዎች ለተመለመሉ ሰፊዎች ልዩ ፈቃድ ማግኘት አስፈልጓል። ሞንትሪያል በምትገኝበት በኩቤክ ክፍለ ሀገር የነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወይ የካቶሊክ ወይ የፕሮቴስታንት ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣው ሕግ አይሁዳውያንን ለትምህርት ጉዳይ ከፕሮቴስታንቶች ጋር ቆጠራቸው። ስለዚህ በሰፈሩ በሴንት ኧርቤይን መንገድ ይገኝ የነበረው ባሮን ቢንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፕሮቴስታንት ቦርድ እየተዳደረ፣ ተማሪዎቹ ግን ለረጅም ዘመን በአብዛኛው አይሁዳውያን ነበሩ። በሰፈር አብረው የዋሉ ልጆች በክፍልም አብረው ይቀመጡ ነበር ማለት ነው።

መልስ ሰጪ 3፦ ከላይ በተባለው ብስማማም፣ ቅርበቱን ያለ ቅሬታ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ቀድመው የሰፈሩት አዲስ መጤዎቹን በይዲሽ ቋንቋ «ግሪነር» (አረንጓዴ፣ አገሩን ያልለመደ ጀማሪ ለማለት) ይሏቸው ነበር፤ የደረሰባቸውንም መከራ ለመስማት ሁሉም ፈቃደኛ አልነበረም። ኑሮ ሲሻሻል ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች ሰፈሩን ለቀው ስኖውደንና ኮት ሴንት ሉክ ወደሚባሉ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወሩ። ለንባብህ የሚረዳ ምንጭ ከፈለግህ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በተቋቋመው የሞንትሪያል የአይሁድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ቤት እንድትጀምር እመክርሃለሁ።