ለ1968 ቮልስ ኦርጅናል ዕቃ የት ይገኛል? ጉልበትም መጨመር አስቤያለሁ

የአባቴ_ቮልስ፦

ሰላም ወገን። አባቴ ሲነዳት የኖረው ቮልስ አሁን እኔ እጅ ገብታለች። ሊብሬዋ 1968 ይላል፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። የሻንሲ ቁጥሯ በ118 ይጀምራል፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ «ዲ» በሚለው የላቲን ፊደል። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ቦሎም ታልፋለች። ግን ባለፉት ዓመታት ያገኘ ሁሉ ያገኘውን ሲገጥምባት ኖሯል። የፊት ፓራውልቷና የኋላው አይመሳሰሉም፣ የአንዱ የኋላ መብራት ሽፋን ተሰብሮ በቀይ ፕላስቲክ ተለጥፏል፣ ማርሚታዋ ከብየዳ ብዛት ዋናው ላሜራ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም፣ ካርቡራተሩ ላይ ደግሞ አንድም ጽሑፍ የለም።

ሱማሌ ተራ ሄጄ ስጠይቅ የለም የሚል ሰው የለም። «አለ፣ ቆይ ልጅ ልላክ» ነው መልሱ። ልጁ ይዞት የሚመጣው ግን ወይ የሌላ ሞዴል ነው ወይ አዲስ ቅጂ ሆኖ በኦርጅናል ዋጋ ይጠራብኛል። እንዴት ነው የምለየው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ጉልበት ነው። ሰው ከጫነች የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። አንዱ ጓደኛዬ ድርብ ዌበር ካርቡራተር ግጠምላት ይለኛል፣ ሌላው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ በ1600 ሲሲ ቀይረው ይላል። እኔ መልኳ ከአባቴ ጊዜ እንዲለይ አልፈልግም። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ሲመጣ ዕቃ እንደሚያመጣልኝ ነግሮኛል፣ ግን «ስሙን በትክክል ላክልኝ» አለ፣ እኔ ደግሞ የግማሹን ስም እንኳ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ_ቴስታታ፦

ልጄ፣ ዕቃ ከመፈለግህ በፊት የያዝካትን እወቃት። ሱማሌ ተራ ላይ የሚጫወቱብህ የምትፈልገውን አንተው ራስህ ስለማታውቀው ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር መሃል ላይ ተመትቷል፣ ወንበሩን አንሳና ከሊብሬው ጋር አመሳክር። 118 ሲፈታ ቀላል ነው። 11 ተራዋ ቮልስ መሆኗን ይናገራል፣ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል መሆኗን። የ68 ሞዴል የሚባለው ከኦገስት 1967 ጀምሮ ከፋብሪካ የወጣው ነው። ስለዚህ በ67 ተሠርታ የ68 ዕቃ የምትጠይቅ ቮልስ አለች ማለት ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር ብሎኩ ላይ ነው። «ዲ» ማለት 1200 ሲሲ ነው፣ 34 የፈረስ ጉልበት። «ኤፍ» ቢሆን 1300፣ «ኤች» ቢሆን 1500፣ «ኤዲ» ቢሆን 1600 ይሆን ነበር። አሁን የሚቀረው ይሄ ሞተር ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው ወይስ በኋላ የገባ የሚለው ነው። የፊት መብራቷን እየው። በዚያ ዓመት 1300 እና 1500 ቀጥ ብሎ የቆመ መብራትና ወፈር ያለ ባለ ማዕዘን ፓራውልት አገኙ። 1200 ግን በድሮው ዘንበል ባለ መብራትና በድሮው ቀጭን ፓራውልት ለዓመታት ቀጠለ። መብራቷ ዘንበል ያለ ከሆነ ሞተሯም የራሷ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላ፣ ባትሪዋ ስንት ቮልት ነው? 12 ነው ብለህ አትለፈው። 6 ቮልት የነበሩ ብዙ ቮልሶች በኋላ ወደ 12 ተቀይረዋል፣ ግማሹን ቀይረው ግማሹን የተዉም አሉ። ሞተሩ የወረደ ቀን የቮላኖውን፣ በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለውን ጥርሳም ክብ ብረት፣ ጥርስ ቁጠር። 109 ከሆነ የ6 ቮልት ነው፣ 130 ከሆነ የ12። ፍሪሲዮኑም አብሮ ይለያል፣ የፊተኛው 180 ሚሊ ሜትር ነው የኋለኛው 200። ሞተሪኖና ፍሪሲዮን ይሄንን ሳታውቅ አትግዛ።

ካርቡራተሩ ላይ ጽሑፍ ከሌለ ቅጂ ነው። ያንተ ሞተር የሚፈልገው ሶሌክስ 28 ፒክት ነው፣ ስሙና ቁጥሩ አካሉ ላይ ጎልቶ ተመትቶ ታየዋለህ። አርጅቶ ብታገኘው አትናቀው። ሶሌክስ ላይ የሚበላው የነዳጅ ፔዳሉን ስትረግጥ የሚዞረው ዘንግ ነው፣ እሱ ሲላላ በጎን አየር ይስብና ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ይላል፣ ከዚያ መካኒኩ ቪቱን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። ጎበዝ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ቡሽ ሠርቶ ያስገባልሃል። እንዲህ የታደሰ ሶሌክስ ካርቶን ውስጥ ካለ አዲስ ቅጂ በብዙ ይሻላል።

የዲሲ_ጢንዚዛ፦

ጋሽ ቴስታታ ጨርሰውታል፣ እኔ የአጎትህን ጉዳይ ልጨምር። ለአጎትህ ስም አትላክለት፣ ቁጥር ላክለት። የቮልስ ዕቃ ሁሉ ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ፣ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ፊደል ይጨመርበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይናገራሉ፣ 111 ወይም 113 ሲል የእኛዋ ነች። የመካከለኛዎቹ መጀመሪያ አሃዝ ደግሞ ቤተሰቡን ያሳያል፤ 1 ሞተር ነው፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ፍሬንና ቸርኬ፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። 113 905 205 ብሎ የሚጀምር ካየህ ዲስትሪቢውተር ነው ማለት ነው። ሻጩ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ አልክም ካለ እለፈው፣ ሌላ ሻጭ ሞልቷል።

ኦርጅናሉን ለመለየት፣ የጀርመኑ የመብራት ሽፋን ላይ ብዙ ጊዜ ሄላ የሚል ታገኛለህ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ቦሽ፣ ላሜራውና ብረቱ ላይ ክቡን የቮልስዋገን ምልክት። ምልክት ግን ማንም ይቀዳል። ስለዚህ እኔ ከምልክቱ ይልቅ ቁጥሩን ነው የማምነው፣ ከቁጥሩም በላይ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየቱን። ለዚህ ነው የተሰበረውን ሽፋን እንዳትጥለው የምለው።

ፍለጋ ላይ ዘሳምባ የሚባለው ድረ ገጽ ማስታወቂያ ለአሜሪካ ሻጮች አንደኛ ነው። ጀርመን ራሱ ፋብሪካው ለአሮጌ መኪኖቹ ዕቃ የሚሸጥበት ክፍል አለው፣ ቮልስዋገን ክላሲክ ፓርትስ ይባላል። ስትፈልግ ግን ቢትል ብለህ ብቻ አትጻፍ፣ ለጀርመኖች ኬፈር፣ ለብራዚሎች ፉስካ፣ ለሜክሲኮዎች ቮቾ ብለህ ስትሞክር ዋጋው ወረድ ያለ ዕቃ ይመጣልሃል። ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እስከ ጁላይ 2003 ድረስ ሲሠሯት ነበር እኮ! ብራዚልም በ1986 አቁማ ከ1993 እስከ 1996 እንደገና ሠርታታለች። የብራዚሉ ብሮሶል ካርቡራተር በሶሌክስ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ቅጂ ነው ብለህ አትሽሸው። አየር መንገዳችን ሳኦ ፓውሎ ድረስ ይበራል፣ ሰው ካለህ መንገዱ ክፍት ነው።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ካርቡራተር ወይም የነዳጅ ፓምፕ የቤንዚን ሽታ ካለው ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ ነው የሚገባው። ደረሰኙንም አብሮ ይያዝ፣ ጉምሩክ ላይ በግምት ከመከራከር ያድነዋል። ከ23 ኪሎ ላይ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲያወጣ አጎትህ ለእናትህ ይዞ የሚመጣው ነገር እንደሚቀንስ ግን አስብበት 😀

አንድ የምለምንህ ነገር፦ «ከ1970 ጀምሮ ካርቶኑ ያልተከፈተ» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ልብህ አይዝለል። መስታወት፣ ክሮም፣ ላሜራ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ከሆነ ግዛው። የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የቤንዚን ቱቦ ከሆነ ግን በነጻም አትቀበል። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ተቀምጦ ያረጃል። እነዚህን አዲስ የተመረተ ግዛ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ኦርጅናል ነው ወይ ብሎ አያያቸውም።

2300_ሜትር፦

የዌበሩ ጓደኛህ ይቅርታ ያድርግልኝና ምክሩ ገንዘብ ማባከን ነው። 34 ፈረስ ያለው 1200 ላይ ድርብ ዌበር ስትጭን የምታገኘው የቤንዚን ወጪ ነው። የዚያ ሞተር ቴስታታ በእያንዳንዱ ጎን አየር የሚያስገባበት አንድ ጠባብ ቀዳዳ ነው ያለው፣ ከላይ ምንም ብታፈስበት ከዚያ በላይ አይውጥም።

ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ 34 ያሉህ ፈረሶች እዚህ 27 አካባቢ ናቸው። ማንም ይሄን አይነግርህም፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ካርቡራተርም በዚያው አገር ጄት (ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ነው የሚመጣው። ዋናውን ጄት በአነስተኛ ካልቀየርክ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጉልበት ሳትገዛ በፊት ጄቷንና የባልቦላውን ክፍተት አስተካክል (0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ)፣ እሳቱን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) በትክክል አስይዝ፣ ከዚያ እንጦጦን ድገማት። ልዩነቱ ሊያስገርምህ ይችላል።

ከዚያም ካልበቃህ 1600 ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ፣ ከ1971 ሞዴል በኋላ ያለው፣ ትክክለኛው መልስ ነው። ካምቢዮህን አትንካው። የ1200 ካምቢዮ የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔው 4.375 ነው፣ የ1500 ደግሞ 4.125። ያንተው አጠር ያለ ስለሆነ ከ1600 ጋር ሲጋጠም ዳገት ላይ ፍየል ነው፣ አስፋልት ላይ ግን በ90 ትጮህብሃለች፣ ይሄን አውቀህ ግባ።

የ1600ን 85.5 ሚሊ ሜትር ፒስተን በ87 ቀይረው 1641 የሚያደርጉት አሉ፣ ያለ ቶርኖ ስለሚገባ ነው የሚወዱት። ሲሊንደሩ ግን ግድግዳው ስስ ይሆናል፣ ሙቀት ላይ ይጣመማል። ቶርኖ ቤት መግባት ካልፈራህ 90.5 አስገብተህ 1776 አድርገው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ እኔ በዚህ ከፍታ የምመርጠው እሱን ነው። ከኪቶቹ ጋር የሚመጣውን 009 የሚባለውን ዲስትሪቢውተር ግን አትግጠም። እሳቱን በፍጥነት ብቻ ነው የሚያስቀድመው፣ ቫኪዩም (በሞተሩ ስበት እሳቱን የሚያስቀድመው ክፍል) የለውም፣ ከታች ስትረግጣት ትንተባተብብሃለች።

ሌላው ከጉልበት በፊት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ነው። ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የሞተር ክፍሉን ጠርዝ የሚዞረው ላስቲክ ተሟልተዋል? አብዛኛው ሰው ሞተር ሲያወርድ «ትርፍ ነው» ብሎ ይጥላቸዋል። እነሱ ከሌሉ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የድሮው የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የሚሄደውን አየር ስለሚጋርደው ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ከ1971 በኋላ ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አውጥተውታል፣ 1600 ስትፈልግ ከነዚያ ማራገቢያ ቤቱ ጋር ፈልግ። ኮፈኑ ሲዘጋ ማንም አያየውም፣ መልኳ እንደነበረ ነው።

የአባቴ_ቮልስ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ወንበሩን አነሣሁት፣ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። የፊት መብራቷ ዘንበል ያለ ነው፣ የፊት ፓራውልቷም ቀጭኑ ነው፣ እንግዲያው የተለወጠው የኋላው ነው። ባትሪዋ 12 ቮልት ነው፣ ቮላኖውን ሞተሩ ሲወርድ እናያለን። የሞተር ዙሪያ ላስቲኩ የለም! ላሜራዎቹም ሁለት ይጎድላሉ።

ጋሼ፣ 1600 ባስገባ ሊብሬው ላይ ችግር ይፈጥርብኛል?

ዘነበወርቅ_1500፦

የኋላ ፓራውልትህ ወፍራሙ ከሆነ አትሽጠው፣ እኔ 1500 አለኝ ቀጭኑ የተገጠመባት። እንለዋወጥ፣ ፎቶ ላክልኝ። ቸርኬህ ስንት ቡሎን ነው? 5 ከሆነ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኔ 4 ቡሎን 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ላይ መለዋወጥ አንችልም። ሞተር ከጨመርክ ግን ስለ ፍሬንም አስብ ወንድሜ፣ አራቱም እግር ላይ ከበሮ ፍሬን ይዘህ ጎሃ ጽዮንን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ 1776 ምንም አይጠቅምህም። የ1500 የፊት ዲስክ ፍሬን ካገኘህ ከነሙሉ አካሉ ውሰደው፣ ቸርኬውም አብሮ ይቀየራል።

ጋሽ_ቴስታታ፦

ልጄ፣ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ስለዚህ ሌላ ሞተር ስታስገባ የገባው ሞተር ሕጋዊ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩንም ማስቀየር አለብህ። ወረቀት የሌለው ሞተር በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛ፣ ቦሎ ላይ ጣጣ ነው፣ ስትሸጣትም ጣጣ ነው።

ያንኑ «ዲ» ብሎክ ወደ 1600 ላስፋው ካልክ አይመከርም። የሲሊንደሩ መግቢያ መቦርቦር አለበት፣ ክራንኩም ሌላ ነው፣ የ1200 የፒስተን ምት 64 ሚሊ ሜትር ነው የ1600 ደግሞ 69። በዚያ ወጪ ሙሉ ሞተር ይገዛል። እኔ ብሆን 1200ውን ሬቲፊካ (ሞተር የሚታደስበት ቤት) አስገብቼ፣ ሶሌክሱን አሳድሼ፣ ላሜራና ላስቲኩን አሟልቼ አንድ ክረምት እነዳታለሁ። ከዚያም ካልበቃህ ወረቀት ያለው 1600 ፈልግ፣ ዲውን ዘይት አጠጥተህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ከነቁጥሩ አስቀምጠው። አትሽጠው።

ለአጎትህ የምትልከው እንግዲህ ይሄ ነው፦ የኋላ መብራት ሽፋን፣ የሞተር ዙሪያ ላስቲክ፣ ለ28 ፒክት የሚሆን የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ኪትና አነስ አነስ ያሉ ጄቶች፣ አዲስ የፍሬን ቱቦዎች፣ ሁለት ሜትር ጥሩ የቤንዚን ቱቦ ከነማጥበቂያው። ማርሚታውን እዚሁ እናገኝልሃለን፣ ለሻንጣ አይመችም። የቤንዚን ቱቦውን ግን እሱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ኮፈኑን ከፍተህ እየው። ከዲስትሪቢውተሩ በላይ ነው የሚያልፈው፣ ከተሰነጠቀ ወይም ካርቡራተሩ ላይ ያለችው የነሐስ መግቢያ በእጅ ስትነካት የምትወዛወዝ ከሆነ፣ እስክትቀየር ድረስ አታስነሣት።