የራስን የተዘረፈ ሥዕል በገንዘብ ማስመለስ ይገባል?

አወያይ፦ ለዛሬው ክርክር መነሻ የሆነን አንድ ሥዕል ነው። ፖላንዳዊው ሪያሊስት ሠዓሊ አሌክሳንደር ጊየሪምስኪ (1850–1901) በ1880 እና 1881 ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ሣለ። ሥዕሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። በ2010 ሃምቡርግ አቅራቢያ ባለችው ቡክስተሁደ ከተማ በአንድ ሐራጅ ቤት ብቅ አለ፤ በ2011 ወደ ዋርሶ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ከያዘው ሰው ጋር በተደረገ ድርድር ነው፤ ገንዘቡን የሸፈነው የአንድ ትልቅ የፖላንድ መድን ድርጅት ፋውንዴሽን ነው። ክፍያው ተገቢ ነበር? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪክ መምህር፦ በፍጹም! የተሰረቀ በሬዬን ገበያ ላይ ባገኘው ገንዘብ ከፍዬ ልነዳው ነው? ሙዚየሙ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ንብረቱን አይገዛም። የከፈለው ፋውንዴሽን እንጂ መንግሥት አይደለም ማለትም አያጽናናኝም። የከፋዩ ኪስ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጠበቃው፦ መምህር፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ ግን ጉዳዩ የሚዳኘው በጀርመን ሕግ ነው። በዚያ የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና ቢገዛም በመርህ ደረጃ የገዢው አይሆንም። ሆኖም በሕዝብ ሐራጅ የተገዛ ዕቃ ከዚህ ውጭ ነው። የባለቤትነት ክስም በ30 ዓመት በይርጋ ይቀራል። ከጦርነቱ እስከ 2010 ስንት ዓመት እንደሆነ ይቁጠሩት። ናዚዎች ስለዘረፉት የጥበብ ሥራ የወጡት የ1998ቱ የዋሽንግተን መርሆዎች አሉ ቢሉኝ፣ እነሱም በሕግ አያስገድዱም፤ በዋናነት የሚመለከቱትም የሕዝብ ሙዚየሞችን ስብስብ እንጂ ሥዕሉን ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለን ግለሰብ አይደለም። ክሱ ቢወድቅ ሥዕሉ ተመልሶ ይደበቅ ነበር።

የታሪክ መምህር፦ ታዲያ የፖላንዳዊው ሠዓሊ የዩልያን ፋዋት ሁለት የአደን ሥዕሎች እንዴት ተመለሱ? እነሱም ከፖላንድ የተዘረፉ ናቸው፤ ኒው ዮርክ ላይ ተገኙ፤ የአሜሪካ መንግሥት ያዛቸውና በዚያው በ2011 አስረከበ።

ጠበቃው፦ ኒው ዮርክ ስለተገኙ ነዋ! በዚያ ሕግ ሌባ የሌለውን መብት ለማንም ማስተላለፍ አይችልም፤ አሥር እጅ ቢዘዋወርም ያው ነው። ሁለቱን ጉዳዮች የለያቸው የተገኙበት አገር ነው።

ሠዓሊት፦ ስለ ሕጉ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሥዕሉ ግን ማንም አላነሣም። ሴትዮዋ ቆብ አድርጋ፣ ሻል ደርባ፣ ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ የዋርሶ ጣሪያዎች በግራጫ ጭጋግ ተውጠዋል። ከዚያ ሁሉ ግራጫ መካከል የሚጮኸው ቀለም የብርቱካኑ ብቻ ነው። ፊቷ ላይ ግን ልመና አታገኙም፤ ድካም ነው ያለው። በዚያ ዘመን የፖላንድ ተመልካች የለመደው የታሪክ ሠዓሊውን የማቴይኮን ነገሥታትና ጦርነቶች ነበር። የጊየሪምስኪ ተሟጋች ስታኒስዋፍ ቪትኪየቪች «ቬንድሮቪየትስ» በተባለው መጽሔት ላይ ዋናው ምን ተሣለ ሳይሆን እንዴት ተሣለ ነው ብሎ ይከራከር ነበር፤ የጦር አዛዥም ይሁን ሥራ ሥር የምትለቅም የገጠር ልጅ። ሠዓሊው ግን ብዙ አልተጠቀመም። አብዛኛውን ዕድሜውን ከአገሩ ውጭ ኖሮ፣ ሮም ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። እኔ ለዚህ ሥዕል ይከፈል ባይ ነኝ። ቀለም ይርጋ አይጠብቅም፤ ሲመለስ ጉዳት ነበረበትና ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የሙዚየሙ ባለሙያዎች ሊጠግኑት ግድ ሆኗል።

ሌላ አባል፦ ሠዓሊት የዘለለችውን ልጨምር። ከጦርነቱ በፊት ከዋርሶ ነዋሪ አንድ ሦስተኛ ገደማው አይሁዳዊ ነበር፤ ያ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ሥዕሉን የወሰደውም የሴትዮዋን ወገኖች የፈጀውም ያው የናዚ ጀርመን ወረራ ነው። ለእኔ ከገንዘቡ የሚብሰው፣ «የፖላንድ ቅርስ ተመለሰ» እየተባለ የሴትዮዋ ማንነት በደስታው መሀል መረሳቱ ነው። ሙዚየሙ ከሥዕሉ ጎን ይህን ካልጻፈ፣ ተከፈለ አልተከፈለ ለእኔ ግድ የለኝም።

የታሪክ መምህር፦ ሐዘኑን እጋራለሁ፤ ጥያቄዬን ግን አልተውም። የእኛንም እናንሣ። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ጥቂቱ በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለሐራጅ ሊቀርብ ሲል ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ከጨረታው ወጣ። በኋላ ሸሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ አስረከበን። ደስ ብሎናል፤ ሻጩም ግን ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። ቀጣዩ ሻጭ ከዚህ ምን ይማራል?

ጠበቃው፦ በገበያ ዋጋ አይከፈል፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለጠበቀበትና ላቆየበት ወጪ ማካካሻ ቢሰጠው ግን ሰውየው ዕቃውን ደብቆ ከመሸጥ ይልቅ ይዞት ብቅ የሚልበት ምክንያት ያገኛል።

የታሪክ መምህር፦ የፖላንድ ባህል ሚኒስቴር የጦርነት ኪሳራ መዝገብ ከ60,000 በላይ ዕቃ ይዟል። ለእያንዳንዱ ማካካሻ ሊከፈል ነው?

ጠበቃው፦ ኒው ዮርክ ለተገኘው አይከፈልም፤ ቡክስተሁደ ለተገኘው ይከፈላል።

የታሪክ መምህር፦ እንግዲያውስ የጀርመን ይርጋ ይለወጥ። ፖላንድ ገንዘቧን ሳይሆን ጩኸቷን እዚያ ላይ ታውል።

ሠዓሊት፦ ትጩኽ እንጂ፤ እስከዚያው ግን ሥዕሉ የት ይሰንብት?