ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ትራንስፈር ለማስወረድና ለመቀየር፤ ቤት፣ ጋራዥ ወይስ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት?

ክረምት ሲቃረብ «ረዳቱ አልገባ አለኝ»፣ «ትራንስፈሩ ይጮኻል፣ ማን ጋ ላስወርደው?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ትራንስፈር ማለት ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኃይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው፤ ረዳቱ፣ ማለትም አራቱን ጎማ የሚያሠራው ማርሽ፣ የሚገባው በእሱ ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ፎገራ ሜዳ የሚመላለስ ሰው ያለ ረዳት ማርሽ ክረምቱን አይገፋውም። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ሙሉ ትራንስፈር ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አስከፍቱት። ብዙ ጊዜ ያለቀው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለኳስ ቀለበት) እና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) ነው፤ ቤቱ (የውጭ ብረቱ) እና ማርሾቹ ደህና ናቸው።

ከዚያም በፊት ጥፋቱ ከትራንስፈሩ መሆኑን አረጋግጡ። ያለቀ ክሮቼራም (የዘንጉ መታጠፊያ መስቀል) ይመታል፣ ዲፈረንሻልም ይጮኻል። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ ትንሽ ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀበሉ። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል። የጋለ ትራንስፈር ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና ባረጀው ፓራኦሊዮ በኩል ውኃ ይስባል፤ ፎገራ ላይ የሩዝ ማሳ ዳር የሚውሉ መኪኖች በዚህ ይጎዳሉ። ደቃቅ የብረት ብናኝ ብዙም አያስፈራም። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካያችሁ ግን መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

ቤት ለመሥራት የሚመቸው እንደ ሱዙኪ ሳሙራይ ያለው ነው። ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ተለይቶ በጎማ መያዣዎች ላይ ስለሚቀመጥና በአጭር ዘንግ ብቻ ስለሚገናኝ ሁለት ሰው በክሪክና በወፍራም ጣውላ ያወርደዋል። ላንድክሩዘር 70 እና ሃይሉክስ ላይ ግን ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ጀርባ ጋር ታስሯል፣ ከባድም ነው። ካምቢዮውን የሚሸከመው ድልድይ ሲፈታ ካምቢዮውም ለብቻው ድጋፍ ይፈልጋል። የካምቢዮ ክሪክ ካላገኛችሁ በደረት ላይ ለማውረድ አትሞክሩ፤ ጋራዥ ውሰዱት።

ቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህችን አደራ አትርሱ፦ የፊትና የኋላ ዘንጎች ከተፈቱ በኋላ ማርሽ አስገብቶ መተው መኪናውን አይዘውም። አንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘርና ሱዙኪ ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ከትራንስፈሩ ጀርባ ባለው ከበሮ ላይ ነው፤ ዘንጉ ሲወጣ እሱም ጥቅም የለውም። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ፣ መኪናውንም በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ከሥር አትግቡ። ዘንጎቹ ሲፈቱ ግጥሚያቸው ላይ የቀለም ምልክት አድርጉ፤ በነበሩበት ካልገቡ ይንቀጠቀጣሉ።

ከተማ ውስጥ ካሉት ጋራዦች የምመርጠው ትራንስፈሩን ባለቤቱ ፊት ከፍቶ የወጣውን ኩሽኔታ በእጄ የሚያስረክበኝን ነው። ግቢው ሲሚንቶ ቢሆን ባይሆን ግድ የለኝም፤ የሚከፍትበት ጠረጴዛ ግን ንጹሕ ይሁን። ሌላው መለያ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ነው። አምስት ማርሽ ላንድክሩዘር 75፣ 78 ወይም 79 ይዛችሁ ሄዳችሁ «ነዳጅ ስትሰጠውና ስትለቀው ‹ኳ› ይላል?» ብሎ ከጠየቀ ሥራውን ያውቃል። እነዚህ ላይ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና የትራንስፈሩ መግቢያ ማርሽ የሚጠላለፉበት ጥርስ ይበላል። የጎረቤቴን መኪና አንድ ጋራዥ ትራንስፈሩን በሙሉ ቀይሮ ያንን ጥርስ ሳያይ ገጠመው፤ ድምፁ እንዳለ ነው፣ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ዕቃውን በተመለከተ፦ ከሶማሌ ተራ ሙሉ ያገለገለ ትራንስፈር ማስመጣት የሚያዋጣው ቤቱ ከተሰነጠቀ ወይም ማርሹ ከተሰበረ ነው። በስልክ ፎቶ ብቻ አትግዙ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ይሂድላችሁ። ዘንጉን በእጁ ያዙረው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዘው፣ ማንሻውን ከሁለት ጎማ ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ከባዱ (ዝግ ብሎ በኃይል ወደሚጎትተው ማርሽ) ያስገባው፣ የመግቢያውን ጥርስ ይቁጠር። እንደ ኢሱዙ ዲ-ማክስ ያለ፣ በማንሻ ሳይሆን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚቀይር ከሆነ ሶኬቱም ከእናንተው ጋር ይመሳሰል። ባሕር ዳር ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ መጥቶ «አይገጥምም» ከተባለ መመለሱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው።

ለእድሳት ኩሽኔታ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን፣ ፓራኦሊዮ ደግሞ ኤንኦኬ እመክራለሁ። አስመስሎ የተሠራው ስለሚበዛ ማሸጊያውን ብቻ አትመኑ፤ ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጥርት ያለ መሆኑን እዩ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። የፓራኦሊዮ ዋጋ ለመቆጠብ ተብሎ ያን ሁሉ ብረት ድጋሚ ማውረድ ያሳዝናል። የፓራኦሊዮው መቀመጫ በጥፍር ሲነካ የሚይዝ ቦይ ካለው አዲሱም ያፈሳል፤ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ይታይ።

ዘይት ላይ፣ ያለ ሰንሰለት በማርሽ ብቻ የሚሠራው የላንድክሩዘር ትራንስፈር «75 ደብልዩ 90» የሚባለውን የማርሽ ዘይት ይወስዳል። ሰንሰለት ካላቸው አንዳንዶቹ ግን የሚፈልጉት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀዩን ዘይት ስለሆነ የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። አሮጌውን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ ዝጎ አልፈታ ካለ ባዶውን ትራንስፈር መሙያ የለም። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ ሙሉት፣ መሸንቲ ደርሳችሁ ስትመለሱም ሲበርድ ደግማችሁ እዩት።

ዓባይ ማዶም ሆነ ከወዲህ የካምቢዮ ክሪክ በቀን የሚያከራይ የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልን፤ የሰው ስልክ ግን በውስጥ መስመር ይሁን።