የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ጉም ይለብሳል፣ ይሰነጠቃል

ጦሳ (ደሴ)፦ ለፀሐይ ሴል በስፒን ኮተር (መስታወቱን እያሽከረከረ ፈሳሽ በስሱ የሚቀባ መሣሪያ) የተቀባ ዚንክ ኦክሳይድ ነጭ ጉም ይለብሳል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል። ምን ይስተካከል? መስታወቱ የታጠበው በፈላ ውሃ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ጉሙ ከእርጥበት ወይም በደንብ ካልሟሟ ዚንክ አሲቴት ነው። ለ20 ሚሊ ሊትር 2-ሜቶክሲኢታኖል (ማሟሚያው) 2.2 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬት፣ 0.6 ሚሊ ሊትር ሞኖኢታኖላሚን (ማረጋጊያው)፤ 60 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት አማስለህ አሳድረው፣ አጣርተህ ቀባ። 3,000 ዙር በደቂቃ፣ 30 ሴኮንድ። ማሟሚያው የመራቢያ ጤናን ይጎዳል፤ ጭስ መሳቢያ ከሌለህ ባትጀምረው ይሻላል።

ሆጤ፦ ስንጥቁ በአንዴ ከማወፈር ነው። ስስ ስሱን ደርብ፣ በየመሃሉ 300 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አድርቅ፣ በመጨረሻ 450 ላይ 1 ሰዓት። ምድጃው ሳይቀዘቅዝ አትክፈት።

ቦርከና፦ እጥበቱስ! ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቢፈላም ብቻውን ቅባት አያስለቅቅም። ሳሙና፣ የተጣራ ውሃ፣ አሴቶን፣ ከዚያ አይሶፕሮፓኖል።